እንጀራ ሳይተዉ ክብደት መቀነስ፦ ለወሎ ሰው ደረጃ በደረጃ

ሰኞ ይጀመራል። እንጀራ ይቆማል፣ ቁርስ ይቀራል፣ በማግስቱ በሌሊት ተነስቶ ጦሳ ተራራ ይወጣል። ሐሙስ ላይ ጉልበት ያብጣል። ቅዳሜ ሰርግ ይመጣል። በቃ፣ አለቀ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ሰኞ ይጀመራል።

እንዲህ ሲሆን "ቆራጥ አይደለሁም" ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከባዱ ቀድሞ፣ ቀላሉ ተረስቶ ይጀመራል። ይህ መመሪያ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ፣ ለወልድያና ለአካባቢው ሰው ነው። እንጀራ አያስተውም፣ ከውጭ የመጣ ዱቄት አያስገዛም። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ረጅም ክርና ቢያንስ ሦስት ወር ነው። ደረጃዎቹን በተራቸው ሂዱ። በየአንዳንዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ ሲለመድ ቀጣዩን ጨምሩበት።

ከመጀመር በፊት፦ ሐኪም ሳያዩ የማይጀምሩ

እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይህን መንገድ በራሳቸው አይጀምሩ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ምግብ ስትቀንሱ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ከተቀነሰ ስኳራችሁ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ድንገት ካላባችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ልባችሁ በፍጥነት ከመታ ወይም ነገር ከተምታታባችሁ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው ጠጡ። ከዚያ ወደ ሕክምና ሂዱ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ክብደት እየቀነሰ ሲሄድ ግፊታችሁን ቶሎ ቶሎ አስለኩ።

ሌላም አለ። ምንም ሳትሞክሩ እየከሳችሁ ከሆነ፣ በተለይ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የማይቆም ውሃ ጥም ካለ፣ ደስ አይበላችሁ። ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ። የሳንባ ነቀርሳም የስኳር በሽታም እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ መነሻችሁን ለኩ

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው የሚመዝኑ ልጆች አሉ፣ ፋርማሲም አለ። የትም ይሁን፣ ሁልጊዜ እዚያው ሚዛን ላይ ተመዘኑ። ሁለት ሚዛን ሁለት ኪሎ ሊለያይ ይችላል። በዚያ ልዩነት ወይ ያለ ምክንያት ትደሰታላችሁ ወይ ተስፋ ቆርጣችሁ ትተዋላችሁ።

1. በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመዘኑ። ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ጫማና ጃኬት ወልቆ።

2. ወገባችሁን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ሜትሩ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል ይዙር። ሆድ አትሳቡ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አደጋው መጨመር ጀምሯል።

3. ክሩን አውጡ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ሌላ ሰው ከተረከዛችሁ እስከ አናታችሁ ለክቶ ይቁረጠው። ለሁለት እጠፉትና በወገባችሁ ዙሪያ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ደህና ናችሁ። ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነው። ክፍተቱ ስንት ጣት እንደሆነ ጻፉ። ክሩን አትጣሉት፣ በየወሩ ያንኑ ትሞክራላችሁ። ሚዛን ሲዋሽ ክሩ እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ ይመጣል።

4. የመጀመሪያ ግብ አውጡ፦ የክብደታችሁ 5 በመቶ። 82 ኪሎ የሆነ ሰው የመጀመሪያ ግቡ 78 ነው። 60 አይደለም። በዚህ ቅናሽ ብቻ ብዙ ሰው ላይ የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል ይጀምራል። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲፈጥን ውሃና ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ

ይህን ደረጃ የማይንቀው ሰው የለም። "የምበላውን አውቃለሁ" ይላል። አያውቅም።

ለሰባት ቀን እንደወትሮው ብሉ፣ ግን አፍ ውስጥ የገባውን ሁሉ ጻፉ። ሰዓቱን፣ ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ፣ ርቧችሁ ነበር ወይስ አልነበረም። ወጥ ሲሠራ ለጨው የተቀመሰው፣ ከልጅ ሰሃን የተነሳው ትራፊ፣ ጎረቤት ቤት የተዘገነው ቆሎ፣ ሁሉም ይጻፍ። ወጥ የሚሠራ ሰው ምሳ ሳይቀርብ በቅምሻ ብቻ ሩብ ምሳውን ሊጨርስ ይችላል።

መጻፍ ካስቸገራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ ወይም ድምፅ ቅዱ። አንድ ቀን ከተረሳ ተዉት፣ በግምት አትሙሉ። በሰባተኛው ቀን ቀይ እስክርቢቶ ያዙና ሦስት ነገሮች ላይ ምልክት አድርጉ፦ ስኳር ያለው መጠጥ፣ በዘይት የተጠበሰ ነገር፣ ሳይርባችሁ የበላችሁት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እንጀራው ዋናው ጥፋተኛ አለመሆኑን ያያል።

ደረጃ 3፦ የሚጠጣውን ስኳር ቀንሱ

ቀላሉ ይህ ስለሆነ መጀመሪያ ይምጣ።

አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ቡናውን ደግሞ አስሉት። በአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ 12 ማንኪያ ይሆናል። ወደ 190 ካሎሪ ነው፣ ቡና ቁርሱ ሳይቆጠር።

1. ቡናውን አትተዉ። ወሎ ውስጥ ቡና መተው ከጎረቤት መለየት ነው። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል። ጤና አዳም ጣል ማድረግ ይረዳል።

2. ለስላሳውን በውሃ ወይም በአምቦ ውሃ ተኩ። በቀን ሁለት ትጠጡ ከነበረ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ለሰርግና ለበዓል ብቻ።

3. ጁስ ቤት ስትገቡ "ያለ ስኳር" በሉ። ስፕሪሱ ፍራፍሬ ቢሆንም ስኳር ከተጨመረበት ያው ነው። ፍሬውን መብላት ይሻላል።

4. ቡና ቁርሱን በእጃችሁ አንዴ ዝገኑና ሰሃኑን ወደ ሌላ ሰው አሳልፉ። ከፊታችሁ ከቆየ ትጨርሱታላችሁ። ለውዝ በተለይ ይጠንቀቁበት፣ 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው።

5. ቢራም ይቆጠራል፦ አንዱ ጠርሙስ 140 ካሎሪ አካባቢ።

ራስ ምታት ከመጣ ብዙ ጊዜ ስኳሩ አይደለም፣ ቡናውን አብራችሁ ስላቆማችሁ ነው። ቡናውን መልሱ።

ስለ ጫት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም "ጫት ያከሳል" የሚል ሰው አላጣንም። ጫት በሰዓቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እውነት ነው። ግን ከጎኑ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊት ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ረሃቡ ተጠራቅሞ ይመጣል። የልብ ምትና ግፊትም ይጨምራል። ስለዚህ ለማክሳት ብላችሁ አትጀምሩት፣ ቅማችሁም ከባድ ስፖርት አትሥሩ።

ደረጃ 4፦ ዘይቱን በማንኪያ ለኩ

እዚህ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ትልቁ ለውጥ ያለው እዚህ ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን አራት ሰው ባለበት ቤት በአንድ ወር ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ አካባቢ ይደርሳል። ይህን በእግር ለማቃጠል 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጣን እርምጃ ይጠይቃል። ዘይቱ ከጀሪካን በቀጥታ "በዓይን" ሲፈስ ይህ አይታይም።

መጀመሪያ፦ አዲስ ጀሪካን የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉ። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ ትቆጥራላችሁ። ዘይቱ ከማለቁ በፊት የሚቆየው ቀን እየረዘመ መሄድ አለበት።

ቀጥሎ፦ ቁሌቱን ያለ ዘይት ጀምሩ። ብዙ እናቶች ያውቁታል፣ ዘይት ሲበዛ ነው የተረሳው።

1. ድስቱን አግሉና ደቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ባዶውን ጨምሩ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን።

2. አማስሉ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲደርቅ ከሥር መያዝ ይጀምራል፣ አትደንግጡ።

3. መያዝ ሲጀምር በሲኒ ግማሽ ውሃ ጣል አድርጉና የያዘውን በማማሰያ ፋቁ። ሲደርቅ እንደገና። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ፣ ሽንኩርቱ ይሟሟና ወርቃማ ይሆናል።

4. እሳቱን ቀንሱ። በርበሬውን ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምሩ። በርበሬ ያለ ዘይት ቶሎ ያርራል፣ ስለዚህ ከድስቱ አትራቁ። እየረጠበ አሥር ደቂቃ ያህል ይብሰል።

5. ዘይቱ አሁን ይግባ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ። ለአምስት ሰው አምስት ማንኪያ። ከዚያ ውሃውና ሽሮው ወይም ምስሩ።

ወጡ ጥሬ ጥሬ ካለ በርበሬው ስላልበሰለ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተራ ቁጥር 4ን አርዝሙት። ከሥር ካረረ አትፋቁት፣ ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ።

ቤተሰብ ካጉረመረመስ? ሊያጉረመርም ይችላል። በአንድ ቀን አትቁረጡ፣ በየሳምንቱ ሩብ ሩብ ቀንሱ። እንግዳ ሲመጣ ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ ማቅረብ የሚያሳፍራት እናት ቤት ከሆናችሁ አትከራከሩ። የእናንተን ድርሻ ቀድማችሁ አውጡ፣ ቀሪው ላይ የፈለጉትን ይጨምሩበት።

"ቅቤ ግን የተፈጥሮ ነው" ለሚል፦ ቅቤም ከዘይት እምብዛም አይተናነስም። ንጥር ቅቤ ደግሞ ያው ነው።

ከውጭ ስትበሉ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ብስኩት ዘይት ጠጥተው የሚወጡ ነገሮች ናቸው። ሐይቅ ሄዳችሁ ዓሣ ካማራችሁ፣ ቆሮሶው ራሱ ጥሩ ምግብ ነው፣ ችግሩ የተዘፈቀበት ዘይት ነው። በወጥ፣ በሾርባ ወይም በፍም እዘዙ።

ደረጃ 5፦ ገበታ ላይ

የእኛ ችግር ትሪ ነው። አንድ ላይ እየተበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ትሪውን መተው ደግሞ አልመክርም፣ ብቻውን በሰሃን የሚበላ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቻል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ሳትቀመጡ ወስኑ። እስካሁን ከምትበሉት እንጀራ ሩቡን ብቻ ቀንሱ። ሁለት ከሆነ አንድ ተኩል። ግማሹን የቀነሰ ሰው ማታ ወጥ ቤት ይገኛል።

2. የእናንተን ጥቅል እንጀራ ከፊታችሁ አስቀምጡ፣ ሲያልቅ አለቀ። ትሪው ላይ የተነጠፈውን አትንኩ። ወጥ ያራሰው ይጣፍጣል፣ አውቃለሁ። ዘይቱን የጠጣው ግን እሱ ነው።

3. በጎመን፣ በሰላጣ ወይም በምስር ጀምሩ። ከፊታችሁ ካለው ግማሹ አትክልት ቢሆን ጥሩ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ዓሣ ረሃብ ያስታግሳሉ፣ ጡንቻም ይጠብቃሉ። በየገበታው አንዳቸው ይኑሩ።

4. ቀስ በሉ። የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

5. አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለቱን ተቀበሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ቀድማችሁ እናንተ አጉርሱ፣ እጃችሁ ሥራ ይያዝ።

6. ሲበቃችሁ ተነሱና እጃችሁን ታጠቡ። "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!" ሲባል "ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ" ወይም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" በሉና ወሬ ቀይሩ። "ክብደት እየቀነስኩ ነው" አትበሉ። ይህን ያለ ሰው ምሳውን ሙሉ ሲከራከር ይውላል፣ በመጨረሻም ይበላል።

ቁርስ አትዝለሉ ብዬ አላስጨንቃችሁም፣ ግን ቁርስ ዘላችሁ ረፋዱ ላይ ሦስት ሳምቡሳ የምትበሉ ከሆነ አላተረፋችሁም። ንፍሮ፣ ቅንጬ፣ ሁለት እንቁላል ወይም ዘይቱ የቀረለት ፉል ይበቃል። ፍርፍር በእንጀራ ሲበላ ሁለት እንጀራ መሆኑን አትርሱ። የጤፍ አያወፍርም፣ የማሽላ አያወፍርም የሚባለውንም ተዉት። ሲበዛ ሁሉም ያወፍራል።

ደረጃ 6፦ መራመድ

ጦሳ ይቆይ። ተራራ የሚሸልመው ተዘጋጅቶ የመጣውን ነው።

ግቡ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እያወራችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከኮምቦልቻ ወይም ከቆላ መጥታችሁ ደሴ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትገረሙ፣ ለጥቂት ቀን ቀስ በሉ።

ሳምንት 1 እና 2፦ በሳምንት 5 ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ።

ሳምንት 3 እና 4፦ 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ።

ከሳምንት 5 እስከ 8፦ 5 ቀን፣ 40 ደቂቃ። ከነዚህ በሁለቱ ቀን አጭር ዳገት አስገቡ።

ከዚያ በኋላ፦ የጦሳ መንገድ ተከፍቷል። መጀመሪያ ግማሹን ብቻ።

ደሴ ውስጥ ደልዳላ መንገድ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሆጤ ሜዳውን መዞር ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ መውጣት ይቻላል። ሐይቅ ያላችሁ የሐይቁ ዳር አለላችሁ። ኮምቦልቻ ሜዳማ ናት፣ ግን ይሞቃል፣ ጠዋት ጨርሱ። ጊዜ የለኝም የምትሉ ባጃጁን ሰፈራችሁ ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" በሉት። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ፣ ይቆጠራል።

ሰዓቱን አስቡበት። ጨለማ ውስጥ ብቻችሁን አትውጡ፣ ውሻውም ጅቡም አለ። ሰው ለሱብሒና ለኪዳን ወጥቶ የሚመለስበት ሰዓት ጥሩ ነው፣ መንገዱ ሰው አያጣም። ሴቶች ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትወጡ ይሻላል። ቀጠሮ ያላት ጎረቤት ከማንቂያ ደወል ትበልጣለች፣ በር ታንኳኳለች።

ቁልቁለት ከዳገት በላይ ጉልበት ይጎዳል። ስትወርዱ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን በትንሹ እጠፉ፣ አትሩጡ። ጫማው ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይሁን፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ሲያስቸግር ቤት ውስጥ ቦታ ላይ እርምጃ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይተካል። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ ያቆመ ሰው መስከረም ላይ ከዜሮ ይጀምራል።

ካመማችሁ፦

የጡንቻ ድካም በማግስቱ ቢመጣና በሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋ ጤናማ ነው። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።

ጉልበት ካበጠ ወይም ቀን በቀን ህመሙ ከጨመረ አንድ ሳምንት ዳገትና ቁልቁለት ተዉ። ካልተሻለ ሐኪም ያየው።

ደረት ከተጫነ፣ ህመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ራሳችሁን ልትስቱ ከሆነ ወዲያው ቁሙ፣ ቁጭ በሉ፣ ሰው ጥሩ፣ ሆስፒታል ሂዱ። "ያልፋል" አይባልም።

ደረጃ 7፦ ጡንቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን

ሰውነት ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ማቆያው ይህ ነው። ጂም አይጠይቅም።

1. ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ እጅ ሳትደገፉ፣ 10 ጊዜ።

2. ግድግዳ ገፍቶ መመለስ፣ 10 ጊዜ። ሲቀል በጠረጴዛ፣ ከዚያ በመሬት።

3. በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌ ማንሳት፣ 10 ጊዜ።

4. ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ በሁለት እጅ ይዞ ለአንድ ደቂቃ መመላለስ።

ሁሉንም ሦስት ዙር። የሚሰነጥቅ ህመም ካለ ያንን ዝለሉ። ሆድ ለማጥፋት ተብሎ ብቻውን መቶ ጊዜ የሚሠራ ሲት አፕ የሆድን ስብ ለይቶ አያወጣም። ስብ ከየት ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰውነታችሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ጾም፣ ረመዳን፣ ሰርግና ለቅሶ

ብዙ ሰው ጾም በራሱ ያከሳል ብሎ ይጠብቃል፣ ከፋሲካ በኋላ ግን ከብዶ ይገኛል። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ ሲቀርለት በምትኩ ዘይት ይገባል። ዳቦና ድንች ጥብስም ይበዛል። በሁዳዴም በፍልሰታም፣ በረቡዕና ዓርብም ደረጃ 4ን አጥብቁ። ምስርና ሽምብራ ይብዛ።

በረመዳን አደጋው ፊጥራ ላይ ነው። በቴምርና በውሃ አፍጥሩ፣ ሾርባ ጠጡ፣ መግሪብ ስገዱና ከዚያ ዋናውን ብሉ። ያቺ የሰላት ፋታ ብዙ ታድናለች። ሳምቡሳ አንድ ይበቃል። ሱሑርን አትዝለሉ፦ እንቁላል፣ ቅንጬ ወይም ባቄላ ያለበት ይሁን። እርምጃውን ከተራዊህ በኋላ ወይም ከፊጥራ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ብላችሁ አድርጉ፣ በጠራራ ፀሐይ ግን አይሆንም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ወሎ ቤት ሁለት በዓል አለው። የራሳችሁ አለ፣ የጎረቤት አለ፣ የአማት አለ። በበዓል ቀን ለመቀነስ አትሞክሩ። በዚያ ቀን ብሉ፣ በማግስቱ ግን ትራፊው ቤት ውስጥ አይቆይ፣ አከፋፍሉት። የሚያወፍረው የበዓሉ ዕለት ሳይሆን ድስቱ እስኪያልቅ የሚበላበት ሳምንት ነው። ሰርግ፣ ሰደቃ ወይም ማኅበር ስትሄዱ ርቧችሁ አትሂዱ።

ነገር ሲበላሽ

ሚዛኑ ከቆመ፦ አንድ ሳምንት ምንም አይደለም። አዲስ ስፖርት ስትጀምሩ ጡንቻ ውሃ ይይዛል፣ ሴቶች ወር አበባ ሲቃረብ ሊጨምሩ ይችላሉ። ሦስት ሳምንት ከቆመ ክሩን አውጡ። ወገብ እየቀነሰ ከሆነ ቀጥሉ። ወገቡም ከቆመ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት እንደገና ጻፉ፣ የጀሪካኑንም ቀን ተመልከቱ። ማንኪያው ቀስ በቀስ ጭልፋ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ማታ ማታ ከራበ፦ ቀን ላይ አብዝታችሁ ቀንሳችኋል። ምሳ ላይ ምስር ወይም እንቁላል ጨምሩ። ከስድስት ሰዓት በታች የሚተኛ ሰውም ረሃቡ ይበረታል። ለሰባት ሰዓት ያህል ለመተኛት ሞክሩ።

ሆድ ድርቀት ከመጣ፦ ውሃና ጎመን አንሷል።

"ከስተሻል፣ አሞሻል እንዴ?" ከተባለ፦ ይባላል። እዚህ አገር ወፍሮ መገኘት "ተመችቶታል" ነው። "ደህና ነኝ፣ ኧረ አብሽሩ" ብላችሁ እለፉ። ሦስት ሰው እንዲህ ካለ ሥራው ታይቷል ማለት ነው። በየሳምንቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ እየወረዳችሁ ወይም እየዞረባችሁ ከሆነ ግን አስተያየቱን ስሙት፣ ምግብ ጨምሩ፣ ተመርመሩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከተበላሸ፦ ሰኞን አትጠብቁ። ከሚቀጥለው ምግብ ጀምሩ። ወደ ደረጃ 1 አትመለሱ፣ ወደ ነበራችሁበት ደረጃ ተመለሱ። ለመካስ ብላችሁም አንድ ቀን ሙሉ አትራቡ።

የማይገዛ

ማቅጠኛ ሻይ ከሚባሉት ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው። ሚዛኑ ላይ የሚወርደው ውሃ ነው። ሲደጋገም የሰውነትን ጨው ያዛባል። ሆድ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ላብ ያወጣል፣ ስብ አያቀልጥም። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠዋት መጠጣት አይጎዳም፣ ግን ስብ አያጥብም። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ስሙ ያልታወቀ እንክብል በጭራሽ አይዋጥ።

ግቡ ላይ ስትደርሱ

ለሁለት ሳምንት እዚያው ክብደት ላይ ቆዩ። ከዚያ ወይ ሌላ 5 በመቶ ጀምሩ ወይ እዚያው ጽኑ። የምትጸኑ ከሆነ በየሳምንቱ መመዘኑን አትተዉ። ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የደረሳችሁበትን ክብደትና ከሱ በ2 ኪሎ የሚበልጠውን። ሁለተኛውን የነካችሁ ሳምንት ወደ ደረጃ 3 እና 4 ተመለሱ። አምስት ኪሎ እስኪጨመር አትጠብቁ።